ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅና ወገቡ ከፍ ያለው መንገድ

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖር ወይም በከተማዪቱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ብዙዎቹ የባጃጅ ነጂዎች የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ትተው ወደ መካከሉ እየተጠጉ የሚነዱ መሆናቸው ነው። ከኋላቸው የሚመጣው የጭነት መኪና ጡሩምባውን ሲነፋባቸው ለጥቂት ጊዜ ወደ ዳር ፈቀቅ ይላሉ፤ መኪናው ካለፈ በኋላ ግን ወዲያው ተመልሰው የቀድሞ ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህን ያየ መንገደኛ ነጂውን ጥጋበኛ፣ ሥርዐት የማያውቅ፣ ለሰው ሕይወት የማያስብ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ፍርዱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተማረ ሰው ከመፍረዱ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባዋል። አንድ ሰው ሲያጠፋ የጠባዩ ነገር ነው ይባላል፤ ብዙ ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዐይነት ጥፋት ሲያጠፉ ግን ከጠባይ ሌላ የሚገፋቸው ነገር መኖሩን መጠርጠር የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ያ የሚገፋቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ባጭር ቃል ለመናገር፣ የሚገፋቸው መንገዱ ራሱ ነው። መንገዳችን የተሠራው ወገቡ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ ባጃጁ ደግሞ የተሠራው በሦስት እግር ነው። የሁለቱ ጠባይ በሚገባ ሳይጠና አንድ ላይ ስለ ተገናኙ፣ ነጂውም ተሳፋሪውም እግረኛውም ምክንያቱን ሳያውቁት ዋጋ ይከፍሉበታል።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ እንናገር። መንገድ የሚያረጀው በመኪና ብዛት ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጠላቱ ውሃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የሚወርደውን ዝናም የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ውሃ በመንገድ ላይ ከተኛ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከሰረገ መሠረቱን ያላላዋል፤ መሠረቱ ከላላ ደግሞ የመኪናው ጎማ ጕድጓድ ይቈፍራል። ስለዚህ መንገድ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የመንገዱን ወገብ እንደ ቤት ክዳን ከፍ አድርገው ውሃው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቦይ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ሮማውያን ይህን ያውቁ ነበር። ዘመናዊውን የጠጠር መንገድ ያስተማረው ስኮትላንዳዊው ጆን ማክአዳም (በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1756 እስከ 1836) 9 ሜትር ያህል ስፋት ላለው መንገድ ወገቡ ከዳሩ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ቢል ይበቃል ይል ነበር። ዛሬ በተለመደው አሠራር የአስፋልት መንገድ በያንዳንዱ ሜትር ስፋት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ዳር ዝቅ ይላል። የጠጠር መንገድ ግን ውኃ ቶሎ ካልሸሸለት ስለሚበላሽ በያንዳንዱ ሜትር ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ይደረጋል።

በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተሠሩትም ሆኑ የታደሱት መንገዶች ይህን ሥርዐት የተከተሉ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳናም እንዲሁ ነው። ሥርዐቱ መልካም ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ይሁን እንጂ መሐንዲሱ መንገዱን ሲነድፍ በዐይነ ልቡናው ያየው ባለ አራት እግሩን መኪናና ከባዱን የጭነት መኪና እንጂ ባለ ሦስት እግሩን አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ባለ ሦስት እግሩ እንመለስ። ጠባዩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየቤታችን ያለውን በርጩማ መመልከት ይበቃል። በሦስት እግር የቆመ በርጩማ በወጣ ገባ መሬት ላይ ቢቀመጥ አይወዛወዝም፤ ባለ አራት እግር ወንበር ግን አንዱ እግሩ አየር ላይ ቀርቶ ይናጋል። ጉልቻም ሦስት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን በበርጩማው ላይ የተቀመጠው ሰው በሁለቱ እግሮች መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ዘንበል ቢል ከነበርጩማው ይወድቃል። እንግዲህ ሦስት እግር ከመናጋት ያድናል እንጂ ከመገልበጥ አያድንም።

ይህን ድካሙን እያወቁም ሰዎች ባለ ሦስት እግርን አልተዉትም፤ ርካሽና ቀላል ስለ ሆነ ነው። ካርል ቤንዝ በ1886 በአውሮፓ አቈጣጠር የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት የመጀመሪያው አውቶሞቢል ሦስት ጎማ ብቻ ነበረው፤ ሁለት የፊት ጎማዎችን አስማምቶ የማዞሩ ዘዴ ገና አስቸጋሪ ሆኖበት ነበርና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኢጣልያው ፒያጆ ኩባንያ በ1948 «አፔ» ማለት «ንብ» ብሎ የሰየመውን ባለ ሦስት እግር አወጣ፤ ሕንዶችም ይህንኑ ዐይነት እየሠሩ ለሕዝባቸው መጓጓዣ አደረጉት። ከሕንድ ኩባንያዎች የአንዱ ስም የሆነው «ባጃጅ» በእኛ አገር የተሽከርካሪው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ባጃጅ በፊት አንድ፣ በኋላ ሁለት ጎማ አለው። ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኞቹ 2 ሜትር ያህል፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከልም 1 ሜትር ከ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሦስቱን ጎማዎች በመስመር ብናገናኛቸው ከፊት ሹል፣ ከኋላ ሰፊ የሆነ ሦስት ማዕዘን እናገኛለን። የባጃጁና የጭነቱ ክብደት በዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እስካረፈ ድረስ ባጃጁ ይቆማል፤ ከወጣ ግን ይገለበጣል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው።

ወገቡ ከፍ ባለው መንገድ ላይ በቀኝ በኩል ስንሄድ መሬቱ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ባለ ሁለት ጎማው ሞተር ቢስክሌት በዚህ አይቸገርም፤ መሬቱ ቢያጋድልም ነጂው ሚዛኑን ጠብቆ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና። ባለ አራት እግሩ መኪና ከመንገዱ ጋር ያጋድላል፤ ነገር ግን ሰፊና ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ መሪውም በጥርስ እየተላለፈ ስለሚያዝ ሾፌሩ እምብዛም አይሰማውም። ባጃጁ ግን እንደ መኪናው ከመሬቱ ጋር ያጋድላል፤ እንደ መኪናው ሰፊ አይደለም፤ መሪውም እንደ ሞተር ቢስክሌት በቀጥታ ከፊተኛው ጎማ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የመንገዱን ግፊት የነጂው ክንድ ይቀበለዋል።

ግፊቱ ስንት ነው? ባጃጁ ከነነጂውና ከነሦስት ተሳፋሪዎቹ 600 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ በያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በሚያዘቀዝቅ አስፋልት ላይ 15 ኪሎ ግራም ያህል፣ በ4 ሴንቲ ሜትር በሚያዘቀዝቅ ጠጠር ላይ ደግሞ 24 ኪሎ ግራም፣ ማለት ሩብ ኩንታል ያህል ክብደት ወደ ቦዩ ይስበዋል። ነጂው ይህን ለመቋቋም መሪውን ዘወትር ጥቂት ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ መያዝ ግድ ይሆንበታል። ይህን ከጧት እስከ ማታ ሲያደርግ የሚውል ሰው ክንዱ ይዝላል። ከጥቂት ቀን በኋላም ማንም ሳያስተምረው አንድ ነገር ይማራል፤ በመንገዱ ወገብ ላይ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ነው። እንግዲህ ጥጋብ ያልነው ነገር አብዛኛው እጅ የደከመ ክንድ ደልዳላ መሬት መፈለጉ ነው።

ይህን ማለታችን ነጂውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ደልዳላው የመንገድ ወገብ ከፊት ለፊት የሚመጣው የጭነት መኪና የሚጠጋበት ስፍራ ነው። በአንጻሩ ዳሩ የእግረኛው፣ የአህያውና የተማሪው መንገድ ነው። ባጃጁም በነዚህ በሁለቱ መካከል ይዋልላል፤ ወደ መካከል ቢጠጋ ከባዱ መኪና፣ ወደ ዳር ቢሸሽ እግረኛው አለበት። የአስፋልቱ ጠርዝ ከጠጠሩ ዳር ከፍ ብሎ በተቈረጠበት ስፍራ ደግሞ አንዱ የኋላ ጎማ ድንገት ይወርድና ባጃጁን ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ያጋድለዋል።

ሁለተኛው አደጋ ያለው በመታጠፊያ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የሚነዳባት አገር ሆናለች። በቀኝ የሚነዳ ሰው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ኀይሉ ወደ ግራ ይገፋዋል፤ መንገዱ ግን ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል ደግፎ ይይዘዋል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ግን ኀይሉ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ መንገዱም ወደዚያው ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሁለቱ ገፊዎች በአንድ ወገን ይተባበሩበታል ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ባጃጅን ይበልጥ የሚገለብጠው የግራ መታጠፊያ ነው። በግራ በሚነዱት በሕንዶች ዘንድ ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ይሆናል።

ይህን በቍጥር ለማየት የሚፈልግ ተማሪ የሚከተለውን ይሞክር። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከፊተኛው ጎማም ሁለት ሦስተኛውን ርቀት ወደ ኋላ ነው ብንል፣ በዚያ ስፍራ የሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ከመካከሉ የሚርቀው 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ4 ሴንቲ ሜትር የሚያዘቀዝቀው መንገድ ከዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ መንገዱም ብቻውን ባጃጅ አይገለብጥም። ነገር ግን ሌላው ሁሉ የሚቀነሰው ከቀረው ላይ ነው። አንድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በነጂው ቀኝ ቢለጠፍ ክብደቱን ወደ ቀኝ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስደዋል፤ ወደ ሹሉ ወደ ፊትም ስለሚስበው ሌላ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያሳጣል። መንገዱና ይህ አንድ ሰው በአንድነት ከነበረው መጠባበቂያ አንድ አምስተኛውን በሉት ማለት ነው። ነጂው ደንግጦ በመታጠፊያው መካከል ፍሬን ቢይዝ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ሹሉ ይሄዳል። ስለዚህ 10 ሜትር ሬዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ በደልዳላ መሬትና በልክ የተጫነ ባጃጅ በሰዓት እስከ 26 ኪሎ ሜትር ሊችል ቢታሰብ፣ ያጋደለው መንገድ፣ ትርፉ ሰውና ድንገተኛው ፍሬን ሲደራረቡ ወደ 21 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ሞላው ሲተጣጠፍና ጎማው ሲጨፈለቅ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ትናንት በደኅና የታጠፈበት ፍጥነት ዛሬ ለምን እንደ ገለበጠው የሚገረም ነጂ መልሱን በዚህ ስሌት ያገኘዋል።

የጭነት ነገር ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከቆላው ከአልዩ አምባ ገበያ ወደ ደጋው የሚወጣው ዕቃ በጋማ ከብት ጀርባና በሰው ጫንቃ ነበር። ጫኙ ሁለቱን ወገን ሳያመዛዝን አይነሣም፤ ዳገት ሲወጣና ቍልቍለት ሲወርድም እየቆመ ጭነቱን ያስተካክላል፤ ያጋደለ ጭነት በቅሎዪቱን ገደል እንደሚያገባት ያውቃልና። አባቶቻችን ለበቅሎ ያደረጉትን ጥንቃቄ እኛ ሰው ለተጫነበት ባጃጅ ስንነፍግ ያሳፍራል። ባጃጅ የተሠራው ለአንድ ነጂና ለሦስት ተሳፋሪዎች ነው። ከነጂው ጎን የሚለጠፈው ሰው ሚዛኑን ከማዛባቱም በላይ የነጂውን ክርን ይይዝበታል፤ ያ ክርን ደግሞ ወደ ቦዩ የሚስበውን ሩብ ኩንታል የሚቋቋመው ክርን ነው።

ሦስተኛው ነገር የጎማ ፈለግ ነው። በፒስታ መንገድ ላይ መኪኖች ሲመላለሱ ሁለት ፈለግ ያበጃሉ፤ በፈለጎቹ መካከልም ልቅ ጠጠር ይከመራል። ባጃጅ ሦስት ፈለግ ስላለው ፊተኛው ጎማ በዚያ በተከመረው ጠጠር ላይ ለመሄድ ይገደዳል። የኋላ ጎማዎቹም ከመኪናው ጎማዎች ይልቅ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ አንዱ በፈለጉ ውስጥ ሲወርድ ሌላው ጕብታው ላይ ይቀራል። በዝናም ጊዜ ደግሞ በላይኛው ወገን ያለው ጎማ ክብደት ስለሚጐድለው በጭቃ ላይ በከንቱ ይሽከረከራል። የቀኙ ጎማ ነፋስ ጐድሎት 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል እንኳ መንገዱ በያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ እንዳጋደለ ይቈጠራል። ስለዚህ ጧት ወደ ጎሚስታ ጎራ ብሎ የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ነፋስ ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ሲሆን የሕይወት ጠባቂ ነው።

ከሞተር ቢስክሌት ወደ ባጃጅ የተሻገረ ሰውም የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። ሞተር ቢስክሌት የለመደ ሰው ለመታጠፍ ሲፈልግ በመጀመሪያ መሪውን ጥቂት ወደ ተቃራኒው ገፋ አድርጎ ሞተሩን ያጋድላል፤ ይህንንም የሚያደርገው ሳያስበው ነው። ባጃጅ ግን በነጂው ፈቃድ አያጋድልም፤ መሪው ወደ ዞረበት ብቻ ይሄዳል። መሪው አንድ ዐይነት መስሎት በደመ ነፍስ የነዳ ሰው በጠባብ መንገድ ላይ ወዳላሰበው ወገን ይሄዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንዶች ባለ ሦስት እግር ጨርሶ ይከልከል ይላሉ። በአሜሪካ ለመዝናኛ በሜዳ የሚነዱት ባለ ሦስት እግር ሞተሮች በመገልበጥ ብዙ ሰው ስለ ጐዱ በ1988 በአውሮፓ አቈጣጠር አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው አዲስ መሸጥ እንዳቆሙ እናውቃለን። ነገር ግን እዚያ የቀረው ጨዋታ ነበር፤ እዚህ የሚቀረው እንጀራ ነው። በደብረ ብርሃን የፋብሪካው ሠራተኛ ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ታማሚው ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በባጃጅ ነው። በባጃጅ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውም ወጣት ጥቂት አይደለም። ደግሞም የመንገዱን ወገብ እንደልድል ብንል ክረምቱ መንገዱን ይበላዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ጠብቀን ማስማማት ይገባናል እንጂ አንዱን ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም።

በየከተማው ማዘጋጃ ቤትና በመንገድ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ! የአስፋልቱ ጠርዝና የጠጠሩ ዳር እኩል ሆኖ እንዲጠበቅ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የጠጠር መንገድ በግሬደር ሲጠረግ ወገቡ ከልክ በላይ እንዳይከመር መቈጣጠር፣ ቦዩንም ከቈሻሻ ማጽዳት ይቻላል፤ ቦዩ ንጹሕ ከሆነ ውሃውን ለማስወገድ የመንገዱን ወገብ እንደ ኮረብታ ማሳደግ አያስፈልግም። የባጃጅ ተራ የሚሆነውም ስፍራ በተቻለ መጠን ደልዳላ ሆኖ ይመረጥ።

በመንጃ ፈቃድና በትራፊክ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ባለ ሦስት እግርን እንደ ትንሽ መኪና ወይም እንደ ትልቅ ሞተር አድርጎ ማስተማር እንዲቀር አድርጉ። ለማጅ ባዶውን ባጃጅ በሜዳ ላይ ብቻ ነድቶ ቢያልፍ ነጂ ሆነ ሊባል አይገባም። ተሳፋሪ ጭኖ፣ ባጋደለ መንገድ ላይ፣ ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ፍሬንም ከመታጠፉ በፊት እንጂ በመታጠፉ መካከል እንዳይዝ ይማር። ወደ ግራ ከመታጠፉ በፊት ፍጥነቱን በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ማድረግን ልማድ ያድርግ። ይህ በተለይ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው፣ ጉም በማይጠፋበትና ገደል በበዛበት መንገድ ላይ የሚፈለግ ጥበብ ነው። በገደል ጠርዝ ላይ ባጃጁ ወደ ዳር ሲሳብ የሚቀበለው ቦይ አይደለምና።

ተማሪዎችስ? እናንተ ብዙውን ጊዜ ተሳፋሪዎች ናችሁ። የፈተና ሰዓት ደረሰ ብላችሁ፣ ወይም ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ከነጂው ጎን ስትለጠፉ የምታጣምሙት የራሳችሁን ሚዛን ብቻ አይደለም፤ በኋላ የተቀመጠችውን ሕፃን የታቀፈች እናት ሚዛን ጭምር ነው። «አራተኛ አልሆንም፤ ቀጣዩን እጠብቃለሁ» ማለት የሚያሳፍር አይደለም። ነጂውም በትርፍ ሰው የሚያገኘው ገቢ ተሳፋሪ እስካለለት ድረስ በቅጣት ብቻ አይተውም፤ ተሳፋሪው እንቢ ሲለው ግን ይተዋል። በክፍል የተማራችሁትንም የክብደት ማዕከልና የሦስት ማዕዘን ትምህርት ለነጂው በቀላል ቃል፣ በበርጩማም ቢሆን እያሳያችሁ አስረዱት። እርሱ የመንገዱን ግፊት በክንዱ ያውቀዋል፤ የጐደለው ስሙንና ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ነው።

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። ባጃጁ ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ ነው፤ መንገዱን ግን የሠራነው እኛ ነን፤ አያያዙም የእኛ ነው። መሐንዲሱ መንገዱን ሲነድፍ ባለ ሦስት እግሩን ያስብ፤ አስተማሪው ነጂውን ሲያሠለጥን የመንገዱን ጠባይ ያስተምር፤ ተሳፋሪውም በልኩ ይሳፈር። ይህ ሲሆን ነጂው ደልዳላ መሬት ፍለጋ ወደ ጭነት መኪናው ጉያ መግባቱን እየተወ፣ በቀኙ ይዞ ተሳፋሪዎቹን በሰላም ከቤታቸው ያደርሳል።